የሶያማ እንቅልፍ

ቡራዩ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶያማ መተኛት አቁማለች።

ሰላምታውን ማስቀደም ይገባኝ ነበር። ላሊሴ፣ የወንድሜ ልጅ፣ አካም ጅርታ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ለባለቤትሽ ለየሺጥላና ለሁለቱ ሕፃናት ሰላምታዬን አድርሺልኝ ልል ነበር፤ ይህን ደብዳቤ እሱ እንደማያየው ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ቤታችሁን በረከት አይለየው።

በስልክ አትጻፉልኝ ስላልሽ በምትሠሪበት የሕፃናት ማቆያ አድራሻ ነው የላክሁት። ስልክሽንና የኢንተርኔት ገጽሽን የሚይዘው የሺጥላ ነው። እሱ ደግሞ ሶያማን የሚያውቃት የኔ ልጅ አድርጎ ነው። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል። መልስሽን እንደ ቀድሞው በጎረቤቴ በራቢአ የፖስታ ሳጥን ላኪልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ትነሳለች። አታለቅስም፣ አትጣራም። አልጋው ላይ ቁጭ ትላለች። አንድ አልጋ ላይ ስለምንተኛ ብርድ ልብሱ ሲነሳ እኔም እነቃለሁ። ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። መምህሯ አስጠርተውኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና አለባት፣ በዚህ አያያዟ አታልፍም አሉኝ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም ተባለ። ጎረቤታችን ገለቴ ጠበል ውሰጂያት ትላለች።

አንቺ ልጅ የማስተኛት ሙያ እየተማርሽ እንደሆነ ስልክ ላይ አየሁ። ሶያማም አይታዋለች። ያ ሁሉ ሰው ሲጠይቅሽ እኔ የማልጠይቅበት ምክንያት የለም። ልጅሽ ናት።

አክስትሽ ድንቅቱ


በርገን፣ ኖርዌይ፣ ኅዳር 4 (ኖቬምበር 13 ቀን 2024)

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለአዳዳ ድንቅቱ፣

ጤናዎት እንደምን ነው? ጉልበትዎትስ ተሻለዎት? ዋቃ ዕድሜዎትን ያርዝምልን። እኛ ደህና ነን። እዚህ ዝናብ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ አላባራም።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሥራ ስመለስ ልጆቹ አሉ፣ እነሱ ሲተኙ ኮርሱ አለ። ኮርሱ አሥር ወር ይፈጃል። ሲያልቅ የወላጅነትና የሕፃናት እንቅልፍ አሠልጣኝ እባላለሁ። በአማርኛና በኦሮምኛ ይህን ሥራ የምትሠራ ሌላ ሴት እስካሁን አላገኘሁም። ገጼ ላይ አሥራ አንድ ሺህ እናቶች ገብተዋል፤ ከኦስሎ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት፣ ከአዲስ አበባም። የሺጥላ ሥራውን ትቶ አብሮኝ ሊሠራ ያስባል።

ስለ ሶያማ። አይደንግጡ። ለሁሉም እናት የምለውን ነው ለእርስዎም የምለው። መጀመሪያ መመዝገብ ነው። ሰባት ቀን። ቅጹን አብሬ ልኬዋለሁ። በስንት ሰዓት ተኛች፣ በስንት ሰዓት ነቃች፣ ስትነቃ ምን አለች፣ አጠገቧ ማን ነበር፣ ምን ተደረገላት። አስተያየት አይጨምሩበት፤ ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ስሜት ሲገባበት መረጃው ይበላሻል።

ማታ ማታ ልብስ መስፋቱን ይቀንሱ፣ የማሽኑ ድምፅ ጥሩ አይደለም። ስልኩንም ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት ይከልክሏት። ሳሙልኝ።

ልጅዎት ላሊሴ


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊሴ፣ በያለሽበት ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቅጹን ሞልቻለሁ። የጻፍኩት እንዳልሽው ያየሁትን ብቻ ነው።

ሰኞ። በ3 ሰዓት ተኛች። ሌሊት 8 ሰዓት ነቃች። ምንም አላለችም። አጠገቧ እኔ ነበርኩ። ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

ማክሰኞ። እንደ ሰኞ።

ረቡዕ። በ9 ሰዓት ነቃች። በርገን አሁን ስንት ሰዓት ነው አለች። ሰባት ሰዓት ነው አልኳት። ተመልሳ ለመተኛት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት።

ሐሙስ። አልነቃችም። ትነቃለች ብዬ እኔ ሳልተኛ አደርኩ።

ዓርብ። በ8 ሰዓት ነቃች። የትንሹን ልጅ ስም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሱም ሌሊት ይነሳል ወይ አለች። አላውቅም አልኳት።

ቅዳሜ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰዓቱን አላየሁም። ነቅታለች።

እሑድ። በ9 ሰዓት ነቃች። ውሃ አለች። ሰጠኋት። አልጠጣችም።

ቅጹ እዚህ ላይ ያበቃል። ከቅጹ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። ቪዲዮሽ ሲጀምር፣ «እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ» ትያለሽ። ሶያማ ሒሳብ ጎበዝ ናት። ይህ አስተያየት ስለሆነ ቅጹ ላይ አላስገባሁትም።

ስለ ልብስ ስፌቱ ያልሽውን ሰምቻለሁ። የሁለት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው የያዝኩት፤ ቀን ብቻ ሰፍቼ አልጨርሰውም።

አክስትሽ ድንቅቱ


በርገን፣ ጥር 20 (ጃንዋሪ 28 ቀን 2025)

ለውድ አዳዳ፣ እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረስዎት። እግዚአብሔር ለከርሞም ያድርስዎት። ለገለቴ፣ ለራቢአና ለባለቤቷ ለሰላሃዲን ሰላም ይበሉልኝ።

መዝገብዎት እስካሁን ከደረሱኝ ሁሉ ይበልጣል። እዚህ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ እናቶች እንኳን እንደዚያ አይጽፉልኝም። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቀየሙኝ። ኮርሱን ለመጨረስ አምስት ልጆችን ተከታትዬ ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ፤ አራት ነበሩኝ። የሶያማን አምስተኛ አደረግሁት። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ የማንም የዘመድ ልጅ ሊሆን ይችላል። አስተማሪዬ በጣም ወደደችው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ ብላ ጽፋልኛለች፤ በዚህ ሳምንት እመልስላታለሁ።

አሁን ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጅ የራሷ አልጋ ያስፈልጋታል። አልጋ ያሰሩላት። የመጀመሪያውን ሦስት ቀን እንቅልፍ እስኪወስዳት አጠገቧ ወንበር ላይ ይቀመጡ። አይነጋገሩ፣ አይንኳት። ከዚያ በየሦስት ቀኑ ወንበሩን ወደ በሩ ራቅ ያድርጉት። በመጨረሻ እርስዎ ከበሩ ውጭ ይሆናሉ፣ እሷም ብቻዋን መተኛት ትለምዳለች። ከነቃች «አለሁ፣ ተኚ» ብቻ ይበሉ፤ ሌላ አይጨምሩ። ጥያቄዋን አይመልሱላት። ጥያቄ ማብዛት መኝታን መግፊያ ነው።

ልጅዎት ላሊሴ


ቡራዩ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊሴ፣ ሰላም ለቤትሽ ይሁን። እኛ ደህና ነን።

አልጋ አሰርቼላታለሁ። ወንበሩንም ሞከርኩት። ቤቱን ረስተሽዋል መሰለኝ። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ መሐል ላይ የስፌት ማሽኑ አለ። አንድ ጊዜ ሳርቀው በሩ ጋ ደረስኩ፣ ሁለተኛ ሳርቀው በረንዳ ላይ ወጣሁ። የካቲት ብርድ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ራቢአ ሱቋን ስትዘጋ አየችኝና፣ ድንቅቱ፣ ልጅቷ አባረረችሽ እንዴ አለች። ከኖርዌይ የታዘዘ ነው አልኳት። እኛ አምስት ልጅ ስናሳድግ ወንበሩ ራሱ አልነበረንም ብላ ስቃ ሄደች።

ሶያማ አሁንም ትነቃለች። ልዩነቱ አሁን እሷ ውስጥ ናት፣ እኔ ውጭ ነኝ። «አለሁ፣ ተኚ» እላለሁ። «እሺ አዮ» ትለኛለች። አዮ እያለች እናቷ ማድረጓን እንድትተው ብነግራትም አልተወችም። እኔም ሁለቴ ነግሬያት ከዚያ ተውኩት።

የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ ለፈተናው ለመመዝገብ የልደት ካርድ አምጡ ብሏል። እስከ ሚያዝያ 30 ነው። ሶያማ የልደት ካርድ የላትም። አንቺ ስትሄዲ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አስወጣለሁ እያልሽ ሄድሽ። ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄጄ ቅጹን አምጥቻለሁ። የአባት ስም ይላል፤ አባቷ ዳዲ እዚያ ሰንዳፋ አግብቶ ሦስት ወልዷል፣ ስለ እሷ ጠይቆ አያውቅም፤ ቢሆንም ስሙ ስሙ ነው። የእናት ስም ይላል።

ማን ብዬ ላስሞላ? እዚያ ያለሽን ነገር ስለማላውቅ ነው የምጠይቅሽ።

አክስትሽ ድንቅቱ


በርገን፣ ማርች 11 ቀን 2025

አዳዳ፣ ደብዳቤዎት በደረሰኝ ቀን ነው የምጽፈው። በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ፤ በሳምንት ይደርስዎታል። ሰላምታዬ ይድረስዎት።

የእኔን ስም እንዳያስጽፉ።

እዚህ ስገባ በጠየቁኝ ጊዜ ልጅ የለኝም ብያለሁ። ልጅ አለኝ ካልሽ ጉዳይሽ ይጓተታል ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ ሳገኝ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ፈቃዱ ሲመጣ የሺጥላን አገኘሁት፤ ለእሱም አልነገርኩትም። ከዚያ ልጅ ወለድኩ። ከዚያ ገጹ መጣ። በየጊዜው ለመናገር የሚመቸው ጊዜ ያለፈው ወር ነበር። አንድ ወረቀት ላይ የለኝም ያልኩትን ሌላ ወረቀት ላይ አለኝ ማለት አልችልም። የሁለቱ ልጆች ወረቀት በእኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እርስዎና ነፍሳቸውን ይማረውና ባለቤትዎት ኦቦ ኢቲቻ የወለዳችኋት ተብሎ ይሞላ። እርስዎ አይደሉም ያሳደጓት? ውሸትም አይደለም። ለሚያስፈልገው ሁሉ የሚሆን ገንዘብ በሰላሃዲን በኩል ልኬያለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ከእኔ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። የአስተማሪዬ ጥያቄ፣ «የልጅቷ እናት የት ናት? አነጋግረሻታል ወይ?» የሚል ነበር። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በሕይወት የለችም ብዬ ጻፍኩ። ሰርተፍኬቱን ሰጡኝ።

ወረቀት ነው። ሌላ ነገር አያስቡ።

ላሊሴ


ቡራዩ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊሴ፣ እንደምን አለሽ? እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ስለ ሰርተፍኬቱ እንኳን ደስ ያለሽ።

ስለ ሌላው፣ አንብቤዋለሁ። በሕይወት የሌለች ሴት በፈጣን ፖስታ ስትጽፍልኝ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ቅጹን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ዘንግተሻል። ኢቲቻ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ሶያማ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቢሮው መቁጠር ይችላል።

ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ለገለቴ ነገርኳት፤ አንቺ ካልሽ እሺ አለች። ራቢአ ግን ቤቴ ድረስ መጣች። እዚህ ጎረቤት ሀያ ሁለት ዓመት ኖረናል፣ እርጉዝ ሆነሽ መቼ አይቼሽ ነው የምምለው አለችኝ። ባሌ ከሞተ በኋላ ነው የወለድኩት ልበል እንዴ አልኳት። ከማን ብለው ይጠይቁሻላ፣ የሰላሃዲንን ስም እንዳትጠሪ እንጂ አለች። ሳቅን። ቀጥላ ግን መሳቋን ተወችና እንዲህ አለችኝ፦ «የዚህች ልጅ እናት አለች። እሷ እያለች የለችም ብዬ አላህ ፊት ምን እመልሳለሁ?» ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። ሶያማ ጓዳ ውስጥ እያጠናች ነበር፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ሰምታ ይሆን አላውቅም።

ለአሥር ቀን ነይ። ሥራ ነው በያቸው። አንቺ ራስሽ ቢሮው ቀርበሽ የምታደርጊውን አድርጊ፤ እኔ ምስክርሽ እሆናለሁ። በኔ ስም ካሰፈርኳት፣ አንድ ቀን ልውሰዳት ብትዪ የምትወስጃት በምን ወረቀት ነው? ይህን አስበሽበታል ወይ? የኔ ጥያቄ ይህ ብቻ ነው፤ እንቅልፍ ለመግፋት የተጠየቀ አይደለም።

ገንዘቡ ሰላሃዲን ዘንድ ተቀምጧል። አልተነካም።

አክስትሽ ድንቅቱ


በርገን፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2025

ለአዳዳ፣ እንኳን ለፋሲካ በሰላም አደረስዎት፤ ይህ ሲደርስዎት በዓሉ ያልፍ ይሆናል።

መምጣት አልችልም። የሺጥላ ሥራውን ለቋል። ገጹ የሁላችንም እንጀራ ሆኗል። ለአሥር ቀን ቡራዩ መጥቼ ምን አደረግሁ እለዋለሁ? አብሬሽ ልምጣ ይላል። እሱ ከመጣ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚነግረው።

ዕድሜዋን አሥራ አራት ያድርጉት። ኦቦ ኢቲቻ ሲሞቱ እርጉዝ ነበርኩ ይበሉ። አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሞልተዋል። ሦስት ዓመት ነው። አውቃለሁ፣ ቪዲዮዎቼ ላይ የአንድ ወር የዕድሜ ልዩነት እንኳን ለእንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። አይንገሩኝ።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎት። ትንሹ አይተኛም። ዓመት ከሦስት ወሩ ነው፣ አንድ ሌሊት እንኳን ተኝቶ አድሮ አያውቅም። ወንበሩን ሞክሬያለሁ፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፌ፣ በአልጋው ፍርግርግ እጄን አስገብቼ፣ ጣቴን ይዞ ነው የሚተኛው። ጣቴን ስስብ ይነቃል። ጠዋት ተነስቼ ፊቴን ቀብቼ ካሜራ ፊት እቀመጣለሁ። እናቶቹ እንዴት እንዲህ ተኝተሽ ያደርሽ ትመስያለሽ ይሉኛል።

ጥያቄዎትን አንብቤዋለሁ፣ የወረቀቱን። ካርዱ እንዲወጣ ብቻ ነው የምፈልገው። ፈተናው እንዳያመልጣት።

ላሊሴ


ቡራዩ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላሊሴ፣ ሰላም ላንቺና ለልጆችሽ። ለትንሹም እግዚአብሔር እንቅልፍ ይስጠው።

መልካም ዜና ይዤ ልጽፍልሽ ነበር። ሶያማ ከአምስት ሳምንት ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። አንድ ጊዜ እንኳን አልነቃችም። በረንዳ ላይ መቀመጤንም ተውኩ። ያንቺ ወንበር ሠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የመጨረሻ ሪፖርት ካስፈለገሽ ብዬ ቀኑንም መዝግቤ ነበር።

ቀኑ ሁለት ብቻ ሲቀረው፣ ዛሬ ጠዋት ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄድን። እንዳልሽው ልፈርም ነበር የሄድኩት። ራቢአም መጣች። ለልጅቷ ፈተና ብዬ ነው የምዋሸው፣ ለወንድምሽ ልጅ አይደለም፤ ይህን ጻፊላት አለችኝ፤ ጻፍኩልሽ። ገለቴ መጣች። ሦስተኛው ሰላሃዲን ነው። ተራችን ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት፣ ቅን ልጅ ትመስላለች። ቅጹን ከኔ ተቀብላ አየችው፣ ሶያማን አየቻት፣ ደግሞ ቅጹን አየች። የምለውን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳጠና ሰንብቼ ነበር፣ ጠፋብኝ። ለሶያማ ምንም አላስጠናኋትም። ዝም በዪ፣ እኔ እናገራለሁ ብቻ ነበር ያልኳት።

ጸሐፊዋ እኔን ትታ እሷን ጠየቀቻት። ሶያማ ተነስታ ቆመች፤ ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ እንደሚያደርጉት።

«ሶያማ ኢቲቻ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ድንቅቱ። አባቴ ሳልወለድ ነው የሞተው።»

«ለአሥራ አራት ትንሽ ነሽ» አለቻት ጸሐፊዋ።

«ዘራችን አጭር ነው። እናቴን አያዩዋትም?» ብላ እኔን አሳየቻት።

ጸሐፊዋ ሳቀች። ሰላሃዲንም ሳቀ። እህት ወንድም አለሽ ወይ አለቻት። የለኝም አለች። አልተንተባተበችም፣ ወደኔም አልዞረችም። ራቢአ እጄን ጨበጠችኝ፤ በደስታ ይሁን በሌላ አላወቅሁም።

የዚያን ቀን ከራቢአ ጋር ስንጨቃጨቅ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ቆጠርኩት። የምትጠብቀው ነገር ስላልነበራት ነው የተኛችው። እኔ ደግሞ ወንበሩ ነው ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ምስክሮቹ ተራ በተራ ፈረሙ። የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ። ሶያማ እስክሪብቶውን አንስታ እጄ ላይ አኖረችልኝ፣ «ፈርሚ አዮ፣ ያልቅ» አለችኝ።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ጸሐፊዋ፣ እማማ፣ ምን ጎደለ አለችኝ። ራቢአ ስሜን ጠራች። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ተራዬ ነው ብሎ ወረቀቱን አስጠጋ። አንቺን በፊርማዬ የለሽም ልላት አልሆነልኝም፤ በመሐላቸው አልፌ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።